ሰባቷ ዲግሪ የት ገባች?

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ውሃ አፍልተን ነበር። እንዲህ ተጽፎ ሲታይ ያስቃል። ጎንደር ውስጥ ውሃ ያላፈላ ማን አለ? እኛ ያፈላነው ግን በቢከር ነው፤ ስፒሪት መብራት ለኩሰን፣ ቴርሞሜትር ነክረን። ስድስት ልጆች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተን የቀይዋን መስመር አወጣጥ እናያለን። 70፣ 80፣ 90። 93 ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ውሃው ይንተከተካል፣ አረፋው ይገለባበጣል፣ መስመሯ ግን ንቅንቅ የለም።

«ቲቸር፣ አልወጣ አለች» አልነው። መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ። ብርጭቆውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። «አርጅቷል፤ መቶ ብላችሁ ጻፉ» አለና ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄደ። መቶ ብለን ጻፍን። ከ10 10 አገኘሁ።

አጠገባችን ያሉትም ያዩት 93 ነበር። ከኋላ ያሉትም 93። አንዱ ቡድን ብቻ 92 ብሎ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ቀልደኞች ስለሆኑ ማንም አላመናቸውም። አራት ቴርሞሜትር በአንድ ቀን፣ አንድ ቁጥር ላይ እንዴት ያረጃል? አልጠየቅንም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ከእኛ የቀረው ሰባት ዲግሪ ነው።

መምህሩን ለመውቀስ አይደለም። ሰባ ልጅ የሚያስተምር ሰው ነው። እነዚያን አራት ቴርሞሜትሮች ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠና እግዜር ይወቀው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ፈተናውም መቶ ይላል። 93 ብሎ የጻፈ ይወድቃል፣ መቶ ያለ ያልፋል። እሱ እንድናልፍለት ነው የፈለገው። ግን በዚያች ክፍለ ጊዜ ማንም ሳያስበው ሌላ ትምህርት ገባኝ፤ ዓይንህና መጽሐፉ ከተጣሉ ጥፋተኛው ዓይንህ ነው የሚል። ይህን ትምህርት እስክረሳው ዓመታት ፈጀብኝ። ስለ ሳይንስ ለሰው ልጻፍ ብዬ ብዕር ሳነሳ ደግሞ ተመልሶ መጣ።

«እሱ ለባሕር ዳርቻ ነው»

ላብራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ኦቶክሌቭ ላይ መደቡኝ። ኦቶክሌቭ ትልቅ የፕሬዠር ድስት በሉት። የሕክምና ዕቃ እንፋሎት ታፍኖበት ይቀቀላል፤ ያለ የሌለ ጀርም ይሞታል። ለዚህ 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። መመሪያው እንደሚለው የእንፋሎቱ ግፊት መለኪያ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ ነው) ሲያሳይ 121 ደርሷል ማለት ነው። እኔም 15 ሲሆን ሰዓቴን አይቼ መቁጠር ጀመርኩ።

ሥራውን የሚያሳዩኝ ሽማግሌ ቴክኒሻን ከኋላዬ መጡ። «አልደረሰም» አሉኝ። «ኧረ 15 ብሏል» አልኳቸው። «እሱ ለባሕር ዳርቻ ነው። እዚህ 18 ተኩል አድርሰው። በየ1,000 ጫማው ግማሽ ትጨምራለህ። እኛ 7,000 ላይ ነን።» ይህን ብለው ሻያቸውን ሊጠጡ ወጡ።

ቆሜ ቀረሁ። ዘጠነኛ ክፍል ትዝ አለኝ። ቴርሞሜትሮቹ ጤነኞች ነበሩ! ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። መቶ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ቁጥር ነው። እኛ ደግሞ፣ እንደሚታወቀው፣ ባሕር የለንም።

በኋላ ሳነብ የባሰ ገረመኝ። መለኪያውን ያወጣው ሴልሺየስ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። ስዊድናዊ የሥነ ፈለክ ሰው ነው። በ1742 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መለኪያውን ሲያቀርብ፣ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት እንደ አየሩ ግፊት ከፍ ዝቅ እንደሚል አብሮ ጽፏል። (በነገራችን ላይ የእሱ መለኪያ ግልብጥ ነበር። ውሃ የሚፈላበት ዜሮ፣ በረዶ የሚሆንበት መቶ። ያቃኑት ከሞተ በኋላ ነው።) ያኔ እዚህ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ይገዙ ነበር። ሰውዬው ጥንቃቄውን ጽፎ ነው የሄደው። ጥንቃቄው መንገድ ላይ ቀረና እኛ ጋ መቶ ብቻውን ደረሰ።

ይህን ለሰው መንገር አለብኝ አልኩ።

«ቆንጆ ነው»

ለአንዲት ትንሽ መጽሔት ልጽፍ ተስማማሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አራት ገጽ ሆነ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አሁን ሳያት አፍራለሁ፤ ግን ልጥቀሳት፦ «የከባቢ አየር ግፊት ከከፍታ ጋር ተገላቢጦሻዊ ዝምድና ያለው ሲሆን፣ የፈሳሾች ነጥበ ፍሌትም በዚሁ ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ይታወቃል።»

ይታወቃል! በማን?

ያን ጊዜ ግን ኮርቼባታለሁ። ሲያነቧት የተማረ ሰው የጻፋት ትመስላለች። ችግሩም እሱ ነበር፤ የጻፍኩት የተማርኩ መሆኔን ነው። ሳይንሱን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለተማርኩት፣ አማርኛው ሲጠፋኝ ከመዝገበ ቃላት የከበደ የከበደውን ለቀምኩ። ቃሉ ሲከብድ ነገሩ የገባኝ ይመስለኛል። «ግፊት» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ግፊት ምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም።

ሁለተኛው አንቀጽ ስለ ፈረንሳዊው የሳይንስ ሊቅ ስለ ፓስካል ነበር። እሱን እንኳ አሁንም እወደዋለሁ። በ1648 ፓስካል የእህቱን ባል አንድ ተራራ አስወጣው። ሰውዬው ሜርኩሪ ያለበት የብርጭቆ ቱቦ ይዞ ፒዩ ደ ዶም የሚባል የፈረንሳይ ተራራ ላይ ወጣ። ሌላ ቱቦ ከታች ከተማው ውስጥ ተቀመጠ፤ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁት ዋሉ። የታችኛው ንቅንቅ አላለም። ተራራው ጫፍ ላይ ያለው ሜርኩሪ ግን 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ተገኘ። ከፍ ባልን ቁጥር የሚጫነን አየር እንደሚቀንስ በዚያ ታወቀ። ያኔ ጎንደር ላይ ዙፋኑ የአፄ ፋሲል ነበር። ያ ተራራ ደግሞ ጫፉ 1,465 ሜትር ነው። ሰውዬው እያለከለከ የወጣበት ጫፍ ከእኛ አራዳ በታች ነው ማለት ነው። አፄ ፋሲል ቱቦዋን ቢያገኙ ኖሮ ከአልጋቸው ሳይወርዱ ያዩት ነበር።

ጽሑፉን ለሦስት ሰው አስነበብኩ። እህቴ «ቆንጆ ነው» አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ «ቆንጆ ነው፣ በርታ» አለኝ። የመጽሔቷ አዘጋጅ «ቆንጆ ነው፣ ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ» አለኝ። ሦስት ቆንጆ! ደስ ብሎኝ ሁለት ቀን ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ቆረቆረኝ። አንዳቸውም ምንም አልጠየቁኝም። አማርኛ ላይ «ቆንጆ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ «ጨርሼዋለሁ፣ አትያዘኝ» ማለት ነው። ሰርግ ላይ ስለ ቪዲዮ ቀራጩ ሥራ የሚባል ነገር ነው።

ድንቹ ዘገየ

መናኸሪያው አካባቢ ማታ ማታ ቅቅል ድንች የሚሸጡ እትዬ አሉ። አንድ ብረት ድስት፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አዋዜ በጣሳ፣ ጨው በወረቀት። ከሥራ ስወጣ እዚያ መቆም ልማዴ ነው። የዚያን ዕለት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሄድኩ። ሁለት ረዳቶችና አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ቆመው ይጠብቃሉ። ድስቱ ይንፈቀፈቃል፣ ክዳን የለውም፣ እንፋሎቱ እስከ መንገዱ ይወጣል። እትዬ ድንቹን በሹካ ወጋ አደረጉትና ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ዛሬ ምነው ዘገየ?» አልኳቸው።

«የጎንደር ውሃ መቼ ያበስላል ልጄ» አሉኝ። ከማዳበሪያው ከሰል ዘግነው ምድጃው ላይ ጨመሩ። «መተማ ሳለሁ ጥጄው ዞር ስል ይበስል ነበር። ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ በቀን ስንት ድስት አወጣ ነበር መሰለህ። እዚህ ከሰሌን ይበላዋል እንጂ ድንቹስ ደንታም የለው። ውሃው ከባድ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ እኔም ያኔ ቆሜ ነበርና። መተማ ከባሕር ጠለል 700 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ98 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከጎንደር ጋር ልዩነቱ አምስት ዲግሪ። አምስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ለሚቀቀል ነገር ግን ብዙ ናት፤ ድንች የሚለሰልሰው ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር እየፈጠነ ነው። እኒህ ሴት ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው ይህን ልዩነት ለክተውታል። በሹካና በከሰል። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ፈረንሳይ ተራራ ስጽፍ፣ ከመሥሪያ ቤቴ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ሙከራው በየማታው ይሠራ ነበር። ያዩትን የሚመዘግብ ነው የጠፋው። ውሃውን ማማታቸው ስህተት ነው። የለኩት ግን ልክ ነው። እንደ እኔ፣ እንደ ዘጠነኛ ክፍሉ ተማሪ አይደሉም፤ ዓይናቸውን አልካዱም።

«ውሃው አይደለም እትዬ፣ አየሩ ነው» አልኳቸው።

«አየሩ?»

«የአየሩ ግፊት። እዚህ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው።»

አዘኑልኝ። «አየርም ግፊት አለበት? እኔ ነኝ እንጂ ግፊት ያለብኝ፤ ይኸው በየቀኑ ኪኒን እውጣለሁ» አሉ። ረዳቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን ደነገጠ። በአራት ገጽ ውስጥ «ግፊት» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። ይህን ቃል አንድ እናት ስትሰማ የሚታያት ሐኪም ቤትና ጨው የሌለው ወጥ ነው።

እንደገና ጀመርኩ። በላያችን አየር እንደተጫነ፣ ቆላ ሲወረድ ከላይ ያለው አየር ብዙ እንደሆነ፣ ደጋ ሲወጣ እንደሚቀል። ሲጫን ውሃው ቶሎ አይፈላም፤ ይበልጥ ሞቆ ነው የሚፈላው። ሲቀልለት ገና በደንብ ሳይሞቅ ይፈላል። «ስለዚህ የጎንደር ውሃ ይፈላል እንጂ እንደ መተማው አይሞቅም» አልኳቸው። እየነገርኳቸው እጆቼ ሲንቀሳቀሱ አየኋቸው። በወረቀቱ ላይ እጅ አልነበረኝም።

እትዬ ሹካውን እንደያዙ አሰቡ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ይሁን። ታዲያ ከሰል ስጨምርበት ለምን አይሞቅም?»

አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። መልሱን አውቀዋለሁ። በዓይኔ አይቼዋለሁ! ከቢከሩ ሥር እሳቱ ይነዳል፣ ቀይዋ መስመር 93 ላይ ቆማለች። እሳት ቢጨመርም አትወጣም። የዚያን ቀን ትልቁ ነገር ይህ ነበር፤ እኔ ግን የጎደለችው ሰባት ዲግሪ ላይ ተጣብቄ የቆመችው መስመር አልታየችኝም። በአራት ገጼ ውስጥ ስለ እሳት አንድ ቃል የለም። ለእኔ ጉዳዩ ከፍታ ነበር። ለእሳቸው ጉዳዩ ከሰል ነው። ተራራ ገዝተው አያውቁም፤ ከሰል ግን በየቀኑ ይገዛሉ።

«አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል ቢጨምሩበትም አይሞቅም» አልኳቸው። «ትርፉ እሳት ውሃውን እንፋሎት አድርጎ ማውጣት ነው ሥራው። ድንቹ ጋ የሚደርሰው ሙቀት ያው ነው።»

«ያው ነው?»

«ያው ነው። ቢንፈቀፈቅም፣ ቀስ ብሎ ቢፈላም።»

ማዳበሪያውን አዩት። ግማሹ አልቋል። ቀና ብለው እንፋሎቱን ተከተሉት፤ ከመብራቱ ምሰሶ ላይ ይጠፋል።

«ውሃ ስወቅጥ ኖሬያለኋ!» አሉ።

ቤት የገባው ሙከራ

እውነት ለመናገር ያኔ ያልኩትን ነገር ራሴ በድስት ሞክሬው አላውቅም ነበር። መጽሐፍ ላይ አለ፤ አመንኩት። ደግሞ ሌላ መቶ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ቅዳሜ ቤት ውስጥ ሁለት ምድጃ አቀጣጠልኩ። ሁለት አንድ ዓይነት ድስት፣ እኩል ውሃ፣ አንድ የሚያካክሉ የደባርቅ ድንቾች። ሁለቱም ሲፈሉ የአንዱን እሳት ቀነስኩና ከደንኩት፤ ክዳኑ ሥር ቀስ ብሎ ይፈላል። ሁለተኛውን ክፍት ትቼ ከሰል አበዛሁበት። በየአሥር ደቂቃው በቢላዋ መውጋት ያዝኩ። ባለቤቴ ሁለቴ ብቅ ብላ አይታኝ ሄደች፤ ምንም አላለችም። ያም ራሱ ንግግር ነው።

ድንቾቹ እኩል በሰሉ። በሚንፈቀፈቀው ላይ ሁለት ጊዜ ውሃ መጨመር ነበረብኝ፤ የፈላ ውሃ። ከሰሉማ ሌላ ነገር ነው። ያ ቀን የመጀመሪያው የሳይንስ ጽሑፌ የተጻፈበት ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ አንድ መስመር ባልጽፍም።

ከዚያ በኋላ ፓስካልን ከጽሑፉ አወጣሁት። አንጀቴ እየተቃጠለ። (ለዚህ ነው እዚህ ያስገባሁት፤ አንባቢ ይቅር በለኝ።) በእሱ ቦታ የገባው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዳርዊን ነው። በ1835 በደቡብ አሜሪካ የአንዲስን ተራሮች ሲያቋርጥ፣ ከፍታ ላይ አድረው ድንች ጣዱ። ሰዓታት ፈላ፤ ድንቹ ድንጋይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ አደረ፤ ጠዋት እንደገና ፈላ፤ አሁንም አልበሰለም። አብረውት የሚጓዙት ሁለት ሰዎች ጥፋቱን በድስቱ ላይ አሳበቡ። አዲስ ድስት ነበረና ድንች መቀቀል አልፈልግም ብሎ ነው አሉ። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። «ጣሉት ታዲያ?» አሉኝ፤ ድስቱን ማለታቸው ነው። እሳቸው ውሃውን፣ እነዚያ ድስቱን። ሁሉም ያየውን አይቷል፤ የሚያማው ነው የተለያየው።

ፓስካል የበለጠ ትልቅ ነገር ነው የሠራው። ግን ጎንደር ላይ ሜርኩሪ ያለበት ቤት ስንት ነው? ድንችና ድስት የሌለበትስ?

ጋቢና ሸክም

አሁን «ግፊት» ለሚለው ምትክ ያስፈልገኝ ነበር። በጣም ያማረ ነገር አገኘሁ ብዬ ጻፍኩ፦ አየር ልብስ ነው፤ መተማ ላይ ወፍራም ጋቢ፣ ጎንደር ላይ ነጠላ፣ ራስ ደጀን ላይ ሻሽ። ራሴን በራሴ አደነቅኩ። እንደ ሻሽ የሳሳ አየር ባለበት በራስ ደጀን ጫፍ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ፣ ውሃ በ85 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመልኝ።

ለእህቴ ባል አነበብኩለት። በጎንደርና በመተማ መካከል የሚመላለስ ሹፌር ነው። «አሃ» አለ፤ «መተማ እንዲህ የሚያቃጥለው ጋቢ ለብሶ ነዋ!» የመተማ ሙቀት የራሱ ሌላ ታሪክ አለው፤ ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጋቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጋቢ ደግሞ ያሞቃል፤ ሥራው ነው። ምሳሌ እንዲህ ነው፤ አንዱን ነገር እንዲሸከምልህ ትጠራዋለህ፣ ያልጠራኸውን አምስት ነገር አስከትሎ ይገባል። ሰረዝኩት።

እሱ ግን ወሬውን ቀጠለ። ሊማሊሞን ሲወጡ ራዲያተር ሲግል ረዳት ክዳኑን እንዳይነካ እንደሚጮሁበት ነገረኝ። ስንቱ ፊቱን ተቃጥሏል። «ለምንድነው ክዳኑ ሲከፈት የሚፈነዳው?» አልኩት፤ የማላውቅ መስዬ። «ታፍኖ ነዋ ያለው። ስትለቅለት ይፈላል» አለኝ።

ስትለቅለት ይፈላል። በአራት ገጽ ማለት የፈለግኩት በሁለት ቃል። ውሃው ሙቀት አልተጨመረበትም፤ የተጫነው ተነሳለት እንጂ። ደብተሬ ላይ ወዲያው ጻፍኩት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚሉት ይህን ይሆን እንዴ አልኩ። እኔ ሥሩን መዝገበ ቃላት ውስጥ ስፈልግ ነበር፤ ሹፌሮች አፍ ላይ ተቀምጧል።

በመጨረሻ «ሸክም» የሚለው ላይ ረጋሁ። መናኸሪያው ላይ ተሸካሚዎች ኩንታል ጀርባቸው ላይ ተጭኖላቸው ከቁጢጥ ሲነሱ አይታችኋል። ኩንታሉ ከባድ ከሆነ ጉልበት ሰብስቦ ነው የሚነሳ፤ ቀላል ከሆነ ብድግ ይላል። የውሃ አረፋም እንዲሁ ነው። ከድስቱ ሥር ብድግ የሚለው የተጫነውን አየር ካሸነፈ ነው። መተማ ላይ ሸክሙ ከባድ ነው፤ ለመነሳት ብዙ ሙቀት ይሰበስባል። ጎንደር ላይ ቀላል ነው፤ ገና በ93 ይነሳል። መነሳቱ ደግሞ ይዞት የነበረውን ሙቀት ይዞ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ፊዚክስ የሚያስተምር ጓደኛዬ ሲያነበው አልወደደውም። «ሸክም ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው። ግፊት በሁሉም አቅጣጫ ነው። ሰው ታሳስታለህ» አለኝ። ትክክል ነው። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ማውጣት አልፈለግኩም፤ እንዳለ መተውም አልፈለግኩም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ይህ ሸክም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ከሥርም እንደሚጫን፣ እኛንም ጭምር፣ ስለለመድነው እንደማይታወቀን። ጓደኛዬ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልረካም። ይሁን። ለእሱ ሳይሆን ለሌላው ሰው ከጻፍኩ የእሱ ቅሬታ የምከፍለው ዋጋ ነው። ግን ቅሬታውን ሳልሰማ ብጽፍ ኖሮ ውሸታም እሆን ነበር። ሁለቱን አንባቢዎች አንድ ላይ አስቀምጦ መጻፍ፣ አንዱን ሳያስቀይሙ አይደለም፣ የትኛው ለምን እንደተቀየመ እያወቁ፤ እዚህ ሥራ ላይ እስካሁን በጣም የሚከብደኝ ይህ ነው።

ጽሑፉ አንድ ገጽ ተኩል ሆኖ ወጣ። የሚጀምረው «መተማ ድንች የቀቀለ ሰው ጎንደር ሲመጣ ውሃውን ይረግማል» ብሎ ነው። «ነጥበ ፍሌት» የለበትም። ከወጣ በኋላ ቆንጆ ነው ያለኝ ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄ ግን ዘነበ። ሽሮስ? ጨው ቢጨመርበትስ? ጨው ውሃውን ይበልጥ ያሞቀዋል የሚባለው እውነት ነው ወይ? እውነት ነው፣ ግን በአንድ ቁንጥር ጨው የሚታይ ለውጥ የለም። ሰባቷን ዲግሪ በጨው ለማስመለስ ለአንድ ሊትር ውሃ ከሩብ ኪሎ በላይ ጨው ያስፈልጋል። ድንቹን የሚበላው ይጥፋ እንጂ።

ማታ፣ ድስቱ ጋ

እትዬ ምክሬን ሞከሩት። ከሳምንት በኋላ ስሄድ ድስቱ ተመልሶ ይንፈቀፈቃል፤ ክዳኑ የለም። ቅር አለኝ።

«አልሠራም እንዴ?»

«ሠርቷል እንጂ። ከሰሌ ይተርፈኛል» አሉ። «ግን ተከድኖ ዝም ሲል ሰው አያየውም። ደንበኛ የሚመጣው እንፋሎቱን አይቶ ነው። ከቀትር በኋላ ከድኜ በቀስታ አበስለዋለሁ፤ ማታ ሰው ሲወጣ ከፍቼ አስጮኸዋለሁ።»

ይህ በየትኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ የለም። በእኔም ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም።

የዚያን ዕለት ቴርሞሜትር ይዤ ነበር፤ ገዝቼው፣ በካልሲ ጠቅልዬ። በድስቱ ጠርዝ አስገባሁት። ሰው ከበበን። እትዬ «ስንት አለ?» እያሉ አጣደፉኝ። ቀይዋ መስመር ወጣች፣ ወጣች፣ 93 ላይ ቀጥ አለች። የዘጠነኛ ክፍል ጓደኛዬን መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ነበር።

ዩኒፎርም የለበሰ አንድ ልጅ በትከሻዬ በኩል አየና «ተበላሽቷል» አለ። «ውሃ የሚፈላው በመቶ ነው።»

እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ ቀደሙኝ። «አልተበላሸም። መቶ ለቆላ ሰው ነው» አሉት። «እዚህ ሸክሙ ስለሚቀለው ሳይሞቅ ይነሳል። መተማ ሂደህ ቀቅለህ እየው።»

ልጁ ድስቱን አየ። ቴርሞሜትሩን አየ። እሳቸውን አየ።

«ፈተና ላይ ግን መቶ ነው» አለና አዋዜ እንዲጨመርለት ድንቹን ዘረጋ።